የእናትሽ ስም ማነው?

ጅቡቲ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ግራ ያጋባኝ ሙቀቱ አልነበረም። ድሬዳዋ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ስለሆንኩ ሙቀት ብዙም አይበግረኝም። ግራ ያጋባኝ ዋርዱ ውስጥ አንድም አስታማሚ አለመኖሩ ነው። አልጋዎቹ በመስመር ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ ላይ በሽተኛ አለ፤ ከጎኑ ግን ማንም የለም። ፔርሙስ የለ፣ ፌስታል የለ፣ አልጋ ሥር የተጠቀለለ ምንጣፍ የለ። ሬሳ ክፍል የገባሁ መሰለኝ።

የዋርዱ ኃላፊ ማዳም ሰዓዳ ይባላሉ። እኛ አገር ሄድ ነርስ የምንለውን እዚህ ማጆር ነው የሚሉት። አጠር ያሉ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ፣ ሲቆጡ ድምፃቸው ከፍ ከማለት ይልቅ ዝቅ የሚል ሴት ናቸው።

“ቤተሰቦቻቸው የት ሄዱ?” አልኳቸው በተሰባበረ ፈረንሳይኛዬ።

“በመጠየቂያ ሰዓት ይመጣሉ፤ ሰዓቱ ሲያልቅ ይሄዳሉ።”

“ታዲያ ማን ያያቸዋል?”

ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። “አንቺስ ለምን የተቀጠርሽ ይመስልሻል?”

ከዚያ በአቅራቢያው ወደተኛ ሽማግሌ ወሰዱኝና የእጁን አንጓ አንስተው የታሰረበትን የፕላስቲክ አምባር አሳዩኝ። ስሙ፣ የካርድ ቁጥሩና የተኛበት ክፍል ተጽፎበታል። “ይህን ሳታነቢ እጅሽ መድኃኒት እንዳይነካ” አሉኝ። ሽማግሌው ምን እየተባለ እንደሆነ ሳይገባው ፈገግ አለልኝ። እኔም በልቤ ‘እነዚህ ሰዎች ሰውን እንደ ሻንጣ ነው እንዴ የሚያስሩት?’ አልኩ። በኋላ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ።

በድሬዳዋ የሠራሁበት ሆስፒታል እንዲህ አልነበረም። እዚያ ዋርዱን የሚጠብቁት አስታማሚዎች ናቸው። አንዲት እናት ለልጇ አስታማሚ ሆና ከገባች በሁለተኛው ቀን የሁሉንም በሽተኛ ታሪክ ታውቀዋለች። “ሲስተር፣ የጋሼ ጉልኮስ ሊያልቅ ነው!” “ሲስተር፣ ያቺ ልጅ ትንፋሿ አላማረኝም!” ይሉሻል። ቻርቱን ሳትገልጪ ማን ሳይተኛ እንዳደረ፣ ማንን እንዳተኮሰው፣ ማን መድኃኒቱን ትራስ ሥር እንደደበቀ ይነግሩሻል። መድኃኒት ይዘሽ ወደ ተሳሳተ አልጋ ብታመሪ አምስት ሰው ነው ከመንገድ የሚመልስሽ።

ታዲያ አስታማሚ ሁልጊዜ ጠባቂ ነው ማለቴ አይደለም። አንድ ጊዜ ለሆድ ኦፕራሲዮን ሳይበላ እንዲያድር የታዘዘ ሰውዬ ነበር። ጠዋት ልንወስደው ስንመጣ አፉን እየጠራረገ አገኘነው። ሚስቱ አጥሚት አጠጥታው ኖሯል። ስቆጣት፣ “በባዶ ሆዱ ቢላ ይግባበት? አንጀቴ አልቻለም!” ብላ አለቀሰች። ኦፕራሲዮኑ ቀረ። እኔም ተናድጄ ሳበቃ ሴትየዋን አቅፌ ማባበል ያዝኩ።

ባለቤቴ የድሬ ልጅ ነው፤ እዚህ ካርቲየ ሦስት የሚባል ሰፈር ውስጥ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ነበረው። እሱን ተከትዬ መጣሁና ፈረንሳይኛውን በማታ ትምህርት፣ ሶማልኛውን ከደንበኞቹ ጋር ስከራከር ተማርኩ። ሆስፒታሉም ፈትኖ ቀጠረኝ። ማዳም ሰዓዳ መጀመሪያ አካባቢ ልጅነቴንም ፈረንሳይኛዬንም አልወደዱልኝም። እኔም ስለ አምባሩ በየቀኑ መነዝነዛቸውን አልወደድኩላቸውም። እየቆየን ግን አንዳችን ያለ አንዳችን ሻይ የማንጠጣ ሆንን።

ከከተማው ሆስፒታል ነርሶች በየተራ ወደ ክፍለ ሀገር ይላኩ ነበር። የእኔ ተራ ሲደርስ ኦቦክ ወጣልኝ። ባሕሩን በጀልባ ስሻገር ሆዴ ውስጥ የቀረ ነገር አልነበረም፤ ወደብ ላይ የተቀበለኝ ነርስ መጀመሪያ ያከመው በሽተኛ እኔው ነበርኩ።

ሑመድ ይባላል። ዕድሜው የገፋ፣ ረጅም፣ ነጭ ሽርጥ ላይ ጋውን የሚደርብ አፋር ነው። እዚያ ትንሿ ሆስፒታል ውስጥ አምባር ብዙ ጊዜ አያስፈልግም፤ ሑመድ የሁሉንም ሰው አያት ያውቃል። ይሁንና ወደ ዓረብ አገር ባሕር ለመሻገር መጥተው ታመው የሚቀሩ መንገደኞች ነበሩ። አብዛኞቹ የእኛ አገር ልጆች ናቸው። ወረቀት የላቸውም። ስማቸውን ሲጠየቁ አንዱ ዛሬ አህመድ ነኝ ይላል፤ ነገ ሌላ ስም ይነግርሻል። ፈርተው ነው።

ሑመድ ለእያንዳንዱ ከስሙ ቀጥሎ “እናትህ ማን ትባላለች?” ይለው ነበር። ይህችን ጥያቄ በአማርኛም በኦሮምኛም ተምሯታል። መልሱን በአምባሩ ላይ ከስሙ ሥር ይጽፈዋል።

“ስማቸውን የሚዋሹ የእናታቸውን ስም መዋሸት ያቅታቸዋል ብለህ ነው?” አልኩት አንድ ቀን፣ ልፈታተነው ፈልጌ።

“ሊዋሹ ይችላሉ” አለኝ። “እስካሁን ግን የዋሸኝ አልገጠመኝም። ስማቸውን ሲነግሩኝ በር በሩን ያያሉ፤ የእናታቸውን ሲነግሩኝ ግን እኔን ነው የሚያዩኝ።”

እውነት መሆኑን በዓይኔ አየሁ። አንድ በውሃ ጥም የተጎዳ ወጣት ራሱን ስቶ ሲቃዥ የነገረን ስምና ሲነቃ የነገረን ስም የተለያዩ ነበሩ። የእናቱ ስም ግን ሁለቱንም ጊዜ አንድ ሆነ። ከኦቦክ ስመለስ ይዤ የመጣሁት ነገር ቢኖር ይህችው ጥያቄ ናት። ማዳም ሰዓዳ ስነግራቸው “ይህ የገጠር ዘዴ ነው፤ እኛ የካርድ ቁጥር አለን” ብለው ዘጉኝ።

ከዚያ በኋላ ነው እንግዲህ ያቺ ልጅ የመጣችው።

የሀብታሞች ሰፈር ከሆነው ፕላቶ ዱ ሰርፓን፣ ከአንድ ትልቅ ቤት ነው ያመጧት። ጣራው ላይ ልብስ ስታሰጣ ከመሰላል ወድቃ የጭን አጥንቷ ተሰብሯል። የምትሠራበት ቤት እመቤት ራሷ በመኪና አምጥታ፣ የመኖሪያ ወረቀቷንና የሆስፒታል ካርዷን አቅርባ፣ “ሐዋ ትባላለች፤ አደራ” ብላ አስተኛቻት። ካርድ ክፍል የድሮ ፋይሏ ተገኘ። ከዚህ በፊት በሳንባ ምች ተኝታ ነበር፤ ፔኒሲሊን ተሰጥቷት ድናለች፤ የደም ዓይነቷም ተጽፏል። ዶክተሩ የአለርጂ ነገር ሲጠይቅ እመቤቷ “ምንም የለባትም” ብላ መለሰችለት። ሁሉ ነገር ሥርዓቱን የጠበቀ ነበር። ኦፕራሲዮኑም ለማግስቱ ጠዋት ተያዘ።

ጠዋት ተረኛዋ እኔ ነበርኩ። ከኦፕራሲዮን በፊት የሚሰጠውን መርፌ ቀድቼ በትሪ ይዤ ገባሁ። መድኃኒቱ ከፔኒሲሊን ወገን ነው። ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች።

“ሐዋ!” አልኩ።

አልዞረችም።

“ሐዋ!”

አሁን ደንገጥ ብላ ዞረች። “አቤት!” አለች። በአማርኛ።

የአገር ልጅ መሆኗን ከመልኳ ገምቼ ነበር። “ደህና አደርሽ የኔ እህት” ስላት ፊቷ በአንድ ጊዜ በራ፤ ወዲያውም ፈካ ያለው ፊት ጠፋ። ደስታውንም ፍርሃቱንም አየሁት። አምባሯን አነበብኩ። ስሙ ልክ ነው፤ ቁጥሩ ልክ ነው። በማዳም ሰዓዳ ሥርዓት መርፌውን መስጠት እችላለሁ። ግን ሁለተኛው “ሐዋ!” ላይ ነው የዞረችው። ሰው በገዛ ስሙ ሁለት ጊዜ አይጠራም። ትሪውን ኮሞዲኖው ላይ አስቀመጥኩ።

“የእናትሽ ስም ማነው?”

ፋይሉ ውስጥ ያለው የመኖሪያ ወረቀት የእናት ስም ዘይነባ ይላል። እሷ ግን እኔን እያየችኝ፣ “ዘውዴ” አለች። ወዲያው እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ቀስ በቀስ ነገረችኝ። ስሟ እታገኝ ነው። አገሯ ቆቦ አካባቢ ነው። በጋላፊ ድንበር በኩል ያለ ወረቀት ነው የገባችው። ሐዋ ከእሷ በፊት እዚያው ቤት ትሠራ የነበረች ልጅ ስትሆን አገሯ ገብታለች፤ ወረቀቷና ካርዷ ግን እመቤቷ ጋር ቀርተዋል። እታገኝ ሥራውን ስትረከብ ስሙንም አብራ ተረከበች። ልጆቹም ሐዋ ይሏታል፤ ባለሱቁም ሐዋ ይላታል። ስትወድቅ ደግሞ እመቤቷ ያንኑ ካርድ ይዛ መጣች።

“እትዬ፣ በማርያም ይዤዎታለሁ፣ አይንገሩብኝ” አለችና እጄን ያዘችኝ። “ፖሊስ ይጠራሉ፤ ይመልሱኛል። እሷን ሆኜ ገብቻለሁ፣ እሷን ሆኜ ልውጣ።”

“እሷ እኮ አሁን አገሯ ተቀምጣለች” አልኳት። “ኦፕራሲዮን የምትሆኚው አንቺ ነሽ። ደም የሚያስፈልገው ያንቺ ሰውነት ነው። በይ አሁን እንደ አዲስ ልጠይቅሽ፤ እታገኝን ነው የምጠይቀው። የማይስማማሽ መድኃኒት አለ?”

“መርፌ” አለች። “ልጅ ሆኜ ጉሮሮዬን አሞኝ ጤና ጣቢያ ወግተውኝ ፊቴ አበጠ፤ ትንፋሽ አጠረኝ። እማዬ አዝላኝ ‘ልጄን! ልጄን!’ እያለች ግቢውን ስትዞር ትዝ ይለኛል። ሁለተኛ ይህን መርፌ እንዳትወጋ ብለዋታል።”

“ትናንት ለምን አልተናገርሽም?”

“ሐዋን መርፌ እንደዚያ አድርጓት አያውቅማ” አለች።

ትሪው ላይ ያለውን መርፌ አየሁት። አንስቼ ማስወገጃው ውስጥ ጣልኩት።

ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ድሬዳዋ ቢሆን እናቷ አጠገቧ ተቀምጣ፣ መርፌውን ገና ከበሩ ስታየው ትጮህ ነበር። ኦቦክ ቢሆን ሑመድ አስቀድሞ ጠይቋታል። እዚህ አምባር አላት፤ ካርድ አላት፤ ፋይል አላት፤ ሁሉም ግን የሚጠብቁት ሌላ ሰው ነው። ያቺ ልጅ እዚያ አልጋ ላይ ዘመድም የላት፣ የሚያውቃትም የለ፣ ሥርዓቱም አያያትም። አንጀቴን በላችው።

ወደ ማዳም ሰዓዳ ቢሮ ሄድኩ። ከስሟ በቀር ሁሉንም ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

“ካርድ ክፍል ሄጄ የተሳሳተ ሰው ነው ያስተኛነው ብል ምን እንደሚመጣ ታውቂያለሽ?” አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። “እመቤቲቱም ትጠየቃለች፤ ልጅቷም ትጠየቃለች።”

“ከመንገድ ራሱን ስቶ ለሚመጣ ሰው ማን ብለን ነው ፋይል የምንከፍተው?”

“ስሙ ያልታወቀ ብለን።”

“እና?”

“ይህቺ ግን ትናገራለች። ስሟን ታውቃለች።”

“እርስዎ ግን አያውቁትም” አልኳቸው። “እኔም ስሟን አልነግርዎትም። የእናቷን ስም ነው የምነግርዎት።”

በመስኮቱ በኩል የወደቡ ክሬኖች ይታያሉ፤ እነሱን ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ መሳቢያቸውን ከፍተው አዲስ አምባር አወጡ። “የገጠር ዘዴሽ” አሉና በእስክሪብቶ ጻፉበት። ስሟ ያልታወቀ ሴት። የእናት ስም ዘውዴ። ሌላም ቀይ አምባር ጨመሩበት፤ ቀይ ማለት በእኛ ዋርድ አለርጂ ማለት ነው።

ለዶክተሩ የነገሩት እሳቸው ናቸው። ወጣት ሰው ነው፤ ሥራ ስለሚበዛበት ቶሎ ይበሳጫል። “ኦፕራሲዮን ክፍሉ ተዘጋጅቶ ቆሟል እኮ! አሁን እንደገና ልጀምር?” አለ። ማዳም ሰዓዳ፣ “ዶክተር፣ ፋይሏን ያዩትን ልጅ አይደለም የሚከፍቱት፤ ሌላ ልጅ ናት” አሉት። ዶክተሩ እኔን አየኝ፤ እሳቸውን አየ። ከዚያ የጓንቱን ፓኬት መልሶ አስቀመጠና ደም እንደ አዲስ ይቀዳ አለ። መድኃኒቱንም ቀየረው። ቀዝቃዛ ውሃ ጠየቀኝ፤ ጠጥቶ ሲጨርስ “ጥሩ ነው” ብቻ ብሎኝ ሄደ።

ከላብራቶሪ የመጣው የደም ዓይነት ከሐዋ ፋይል ጋር የሚገናኝ አልነበረም። ኦፕራሲዮኑ ከሰዓት በኋላ ተሠራ። እኔ ተራዬ አልቆ ነበር፤ ግን አልሄድኩም። ኮሪደሩ ላይ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። አስታማሚ የማይፈቀድበት ዋርድ ውስጥ አስታማሚ ሆንኩ። ማዳም ሰዓዳ ሲያልፉ አዩኝና ያላዩኝ መሰሉ። ትንሽ ቆይቶ ግን አንድ ብርጭቆ ሻይ ይዘው መጡ።

ልጅቷ ስትነቃ የመጀመሪያ ቃሏ “እማዬ” ነበር። “እዚህ አለሁ” አልኳት። ውሸት መሆኑን አውቃለሁ። አላስችለኝ ብሎ ነው።

እመቤቷ በመጠየቂያ ሰዓት መጣች። ማዳም ሰዓዳ በር ላይ ይዘው አነጋገሯት። እኔ የከፋች ሴት ነበር የጠበቅሁት፤ እሷ ግን ፈርታ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛለች።

“ክፉ አስቤ አይደለም” አለች። “ወረቀት የላትም ብላችሁ እንዳትመልሱብኝ ብዬ ነው። እግሯን ይዛ ስትጮህ ምን ላድርግ?”

“ያለ ካርድ ብታመጫትም እናክማት ነበር” አሏት ማዳም ሰዓዳ። “በሌላ ሰው ካርድ ስታመጫት ግን እኛ ያቺን ሌላዋን ነው የምናክመው። ልትገድያት ነበር።”

ሴትየዋ ወደ ውስጥ፣ ወደ አልጋዎቹ አየች። “ስሟ ማነው ታዲያ?” አለች። ልጅቷ ቤቷ ውስጥ ስትኖር፣ ልጆቿን ስታሳድግላት ጠይቃት አታውቅም ነበር። ማዳም ሰዓዳ ወደ እኔ ጠቆሙ። እኔም “እሷን ጠይቂያት” አልኳት።

ገብታ ጠየቀቻት። በሩ ላይ ቆሜ ሰማሁ። እታገኝ ቀስ ብላ ነገረቻት፤ እመቤቷም እየተንተባተበች ደግማ ደጋግማ ሞከረችው። በሦስተኛው ሙከራ ላይ ልጅቷ እግሯ ታስሮ፣ ዓይኗ አብጦ ሳቀች።

ፖሊስ ማንም አልጠራም። ክራንች ይዛ ስትወጣ እመቤቷ መኪናው አጠገብ ሆና በስሟ ጠራቻት። አሁንም ልክ አልመጣላትም። እታገኝ ግን በመጀመሪያው ጥሪ ነው የዞረችው።

ከዚያ ወዲህ በእኛ ዋርድ የእናት ስም አምባር ላይ መጻፍ ተጀመረ። ማዳም ሰዓዳ ለአዲስ ነርሶች ሲያስተምሩ “እኔ ያመጣሁት አሠራር ነው” ይሉ ነበር። እኔ ከኋላ ቆሜ “ኦቦክ መቼ ሄዱ?” እላቸዋለሁ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አላመኑልኝም። እኔ ግን ሲያስተምሩ መስማት ደስ ይለኝ ነበር።

እኔም ጡረታ ወጣሁ። ባለፈው ጊዜ የሐሞት ጠጠር አሞኝ እዚያው ዋርድ ተኛሁ። ጠዋት መርፌ ይዛ የገባችው ኢፍራህ ናት። ሥራ ስትጀምር ደም ሥር ውስጥ ካኑላ ማስገባት ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ሠርጓ ላይ ከእናቷ ጎን ተቀምጫለሁ። ትሪውን አስቀመጠችና አምባሬን ያዘች።

“ስምዎ ማነው?” አለችኝ።

“አንቺ ልጅ! ከእኔ ጋር ትቀልጃለሽ?” ብዬ ሳቅሁ።

አልሳቀችም። “ስምዎ፣ ሲስተር?”

“ነኢማ ዩሱፍ።”

“የእናትዎስ ስም?”

እናቴ ድሬዳዋ ስትሞት እኔ እዚህ ተረኛ ነበርኩ፤ ለቀብሯ አልደረስኩም። ከዚያ ወዲህ ስናነሳት “እማማ” ነው የምንላት። ስሟን ጮክ ብዬ ከጠራሁት ስንት ዘመን እንደሆነ አላውቅም።

“ረውዳ” አልኩ። “ረውዳ አብዱላሂ።” ኢፍራህ አምባሩን አነበበች፤ ልክ መሆኑን አየች፤ ከዚያ እንባዬን በጋውኗ ጫፍ ጠረገችልኝና መርፌውን ወጋችኝ።

ሥራውን ለምትጀምሩ የምለው ይህን ነው። በሽተኛን “እገሌ ነህ ወይ?” አትበሉት፤ “ማነህ?” በሉት። ቀጥሎ የእናቱን ስም ጠይቁት። የምታውቁት ሰው ቢሆንም ጠይቁት።